የትኛውን አክሲዮን ልግዛ? መጀመሪያ የታክስ ወረቀትዎን ያምጡ

«ውድ አዘጋጅ፣

የ51 ዓመት ሰው ነኝ። በዲቪ አሜሪካ የገባሁት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 ነው። የምንኖረው አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ ነው። በፊት ታክሲ፣ አሁን ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ 47 ዓመቷ ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች በዓመት 42 ሺህ ዶላር ታገኛለች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ልጅ አለን። በኪራይ ነው የምንኖረው፤ ዕዳ የለብንም። ባንክ ሴቪንግ ውስጥ 48 ሺህ ዶላር አጠራቅመናል።

ጓደኛዬ የኢንቪዲያ አክሲዮን ገዝቶ መኪና ለወጠበት። «አንተ ተኝተሃል» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የባንክ አክሲዮን ግዛ እያለ ይደውላል። ቤተ ክርስቲያን የማውቀው ሰው ደግሞ ታክስ የማይነካው የጡረታ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎኛል። ባለቤቴ ዕቁባችን ይበቃናል ባይ ናት። እሷ የቀድሞ ሥራዋ ላይ 401ኬ የሚባል ውስጥ 19 ሺህ ዶላር አላት፤ ነክተነው አናውቅም። አሁን የምትሠራበትም 4 በመቶ ካስገባሽ እኛም 4 በመቶ እንጨምራለን ብሏት ነበር። ደሞዜ ይቀንሳል ብላ ተወችው፤ ይኸው አምስት ዓመት ሆነ። ታክስ የሚሠራልን ሰው ጎበዝ ነው፤ የእኔ ገቢ በወረቀት በዓመት 15 ሺህ ገደማ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የትኛውን አክሲዮን ልግዛ?

ሾፌሩ»

ይድረስ ለሾፌሩ፣

የጠየቁኝ ስለ አክሲዮን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ወደ መጨረሻው በኩራት ጣል ያደረጉት ነገር ነው። ታክስ የሚሠራልዎ ሰው ጎበዝነት።

ይህን ጨዋታ ከአሌክሳንድርያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ኤፕሪል ሲደርስ ፉክክሩ ማን ብዙ ሠራ አይደለም፤ ማን ትንሽ ከፈለ ነው። «እኔማ እንዲያውም ተመለሰልኝ» ያለ ሰው እንደ ጀግና ይታያል። የጡረታው ሒሳብ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሰው ጥቂት ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ተቋም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ጡረታዎን የሚያሰላው መሪ ላይ በቆዩበት ሰዓት አይደለም። ታክስ ላይ ባሳወቁት ገቢ ነው። ከሥራ ዘመንዎ ከፍተኛ ገቢ ያገኙባቸውን 35 ዓመታት ይመርጣል። በየጊዜው የደሞዝ ዕድገት ያስተካክላቸውና አማካዩን ያወጣል። 35 ዓመት ያልሞላለት ሰው የጎደለው በዜሮ ይሞላበታል። እርስዎ አሜሪካ የገቡት በ33 ዓመትዎ ነው። ሙሉ ጡረታ የሚወጡት በ67 ነው። ስለዚህ እስከዚያ ሳያቋርጡ ቢሠሩ እንኳ የሚኖርዎት 34 ዓመት ገደማ ነው። የሚባክን ዓመት የለዎትም ማለት ነው።

በ2025 ቀመር፣ በዛሬ ገንዘብ፣ በግርድፉ ላስላልዎ። በየዓመቱ 15 ሺህ እያሳወቁ 67 ከደረሱ በወር 1,090 ዶላር ገደማ ያገኛሉ። 30 ሺህ ሲያሳውቅ የኖረ ሰው 1,490 ገደማ ያገኛል። ቸኩለው በ62 ልውሰድ ካሉ 30 በመቶ ይቀነስብዎታል፤ የእርስዎ 1,090 ወደ 765 ይወርዳል ማለት ነው። በ765 ዶላር አሌክሳንድርያ ውስጥ አንድ ክፍል እንኳ መከራየት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ በደንብ ይረዱኝ። ሕጋዊ ተቀናሽዎን ይተዉ እያልኩ አይደለም። በ2025 ለሥራ የነዱት እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ያስቀንስ ነበር። በዚያ ስሌት በዓመት 35 ሺህ ማይል የነዳ ሰው 24,500 ዶላር ይቀነስለታል። መብትዎ ነው፤ ማይሉን እየመዘገቡ ይውሰዱት። ያልነዱትን ማይል መጻፍ፣ ወይም በጥሬ የተቀበሉትን መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ የሕግ ጣጣ አለው፤ ጡረታዎንም ይበላል።

ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) 15.3 በመቶ ይከፍላል። ተቀጣሪው ግማሹን ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ሌላው ግማሽ ከአሠሪው ነው። ስለዚህ ተቀናሽ ተደርጎ ገቢዎ ከ30 ወደ 15 ሺህ ሲወርድ፣ ከዚህ ታክስ ብቻ በዓመት ከ2 ሺህ ዶላር በላይ እጅዎ ላይ ይቀራል። ይህ ገንዘብ ግን ትርፍ አልነበረም። መንግሥት ለጡረታዎ ሊይዝልዎ የነበረው ነው። እሱ ካልያዘልዎ እርስዎ ራስዎ መያዝ ነበረብዎ። ለአስር ምናምን ዓመታት የት ሄደ? የተወሰነው ሴቪንግ ውስጥ ያለው 48 ሺህ ነው፤ ለዚያ አድናቆቴ ከልብ ነው። በኪራይ እየኖሩ፣ አገር ቤት እየላኩ (እንደሚልኩ እገምታለሁ) ይህን ያህል ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። ግን የተቀመጠበት ቦታ ልክ አይደለም።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ በስምዎ አካውንት ይክፈቱ። ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ የተመዘገበልዎትን ገቢ ያሳይዎታል። ባለቤትዎም የራሷን ትክፈት። ባዶ የሆነ ወይም የተሳሳተ ዓመት ካለ ጊዜ አይስጡት። ለራሱ የሚሠራ ሰው ያላሳወቀውን ገቢ ማስመዝገብ የሚችለው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ነው። ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገው 40 ነጥብ መሙላቱንም እዚያው ያያሉ። በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነጥብ ነው፤ በ2025 አንዱ ነጥብ 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። በ65 ዓመት የሜዲኬርን የሆስፒታል ክፍል ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚያስገኘውም ይኸው 40 ነጥብ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። የሚያበሳጨኝ የእሷ ጉዳይ ነው። በእሷ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳት ሰው በመጥፋቱ።

401ኬ ማለት በአሠሪ በኩል ከደሞዝ እየተቆረጠ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ ነው። ከ42 ሺህ ዶላር 4 በመቶ 1,680 ዶላር ነው። ይህን ያህል ብታስገባ አሠሪዋ ሌላ 1,680 ይጨምርላት ነበር። በአምስት ዓመት 8,400 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ትታ ተነሥታለች ማለት ነው። ገንዘብ ባስገቡበት ቀን እጥፍ የሚያደርግ አክሲዮን የለም፤ የጓደኛዎ ኢንቪዲያም ቢሆን። ደሞዝ ይቀንሳል የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ ግን እንደፈራችው አይደለም። በወር 140 ዶላር ብታስገባ እጇ ከሚገባው ላይ የሚጎድለው ከ140 ያነሰ ነው፤ በመደበኛው 401ኬ የገቢ ታክሱ የሚከፈለው ገንዘቡ ሲወጣ ነውና። ሰኞ ወደ ሰው ኃይል ቢሮ ትሂድ። ቬስቲንግ ስንት ዓመት ነው ብላም ትጠይቅ። አሠሪው የጨመረው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የእሷ እስኪሆን መቆየት ያለባት ጊዜ ማለት ነው። አንዳንዱ ቦታ ወዲያው ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ዓመታት ይወስዳል።

የቀድሞው 19 ሺህስ? የጠፋ ገንዘብ አይደለም፤ የእሷ ነው። መግቢያ ቃሉን ታስተካክልና ገንዘቡ ምን ላይ እንዳለ ትይ። ወደ አዲሱ 401ኬ ወይም ወደ ግል የጡረታ አካውንት (አይአርኤ) ማዛወር ትችላለች። ስትደውል «ቀጥታ ዝውውር» ትበል፤ ገንዘቡ ከተቋም ወደ ተቋም ይሂድ። ቼኩ በስሟ ቤት ድረስ እንዳይመጣ። በስሟ ከመጣ 20 በመቶው ለታክስ ተይዞ ይቀራል፤ በ60 ቀን ውስጥ ሙሉውን መልሳ ካላስገባች ደግሞ እንደ ወጪ ይቆጠርባታል። ያኔ የገቢ ታክስ አለ፤ ዕድሜዋ ከ59 ዓመት ተኩል በታች ስለሆነም ተጨማሪ 10 በመቶ ቅጣት ይመጣል። አውጥተን ዕቁብ እንግባበት የሚል ሐሳብ በመካከላችሁ ካለ ከወዲሁ ይጣሉት።

48 ሺህው። ትልልቆቹ ባንኮች ለተራ ሴቪንግ የሚከፍሉት ብዙ ጊዜ 0.01 በመቶ ነው። የእርስዎም እንዲያ ከሆነ የዓመት ወለድዎ 4 ዶላር ከ80 ነው። በ2025 ግን ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ወለድ የሚከፍሉ የኦንላይን ሴቪንግ አካውንቶች ነበሩ። በዚያ ስሌት ይኸው ገንዘብ በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ ያመጣል። ወለዱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ባንኩ የኤፍዲአይሲ (የመንግሥት የተቀማጭ ገንዘብ) ዋስትና እንዳለው ያረጋግጡ። ዋስትናው በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 250 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። ሕንፃ ስለሌለው አይፍሩት።

ክፍፍሉን እንዲህ አየዋለሁ። 25 ሺህ ዶላር በዚያ ሴቪንግ ይቀመጥ። እርስዎ ደሞዝ የለዎትም፤ መኪናዎ ከቆመ ገቢዎ ይቆማል። ስለዚህ መጠባበቂያዎ ከሌላው ሰው ወፈር ማለት አለበት። ቀጥሎ ሁለታችሁም ሮት አይአርኤ ክፈቱ። ለ2025 ጣሪያው 7 ሺህ ዶላር ነበር፤ ዕድሜው 50 ለሞላ 8 ሺህ። ለእርስዎ 8፣ ለእሷ 7፣ በድምሩ 15 ሺህ። የአንድን ዓመት መዋጮ እስከ ቀጣዩ ዓመት ኤፕሪል 15 ማስገባት ይቻላል። የቀረው 8 ሺህ ለሚቀጥለው ዓመት መዋጮ ይጠብቅ።

ሮት የምለው በምክንያት ነው። ታክሱ ዛሬ ተከፍሎ ያበቃል፤ የእርስዎ ታክስ ደግሞ ዛሬ ዝቅተኛ ነው። ሕጉን ጠብቀው በጡረታ ሲያወጡት ትርፉም ታክስ የለበትም። ከሁሉ በላይ ግን፣ ያስገቡትን ዋናውን ገንዘብ (ትርፉን ሳይሆን) በፈለጉ ጊዜ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላሉ። «ገንዘቤ ይታሰርብኛል» ብሎ ለሚፈራ የእኛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጅዎ በሚቀጥለው ዓመት ለኮሌጅ እርዳታ ፋፍሳ ሲሞላም ሴቪንግ ውስጥ ያለው ገንዘብ እንደ ሀብት ይጠየቃል፤ ጡረታ አካውንት ውስጥ ያለው አይጠየቅም።

ሌላም አለ። በ2025 ገቢያቸው ከ79 ሺህ ዶላር ያልበለጠ ባልና ሚስት ለጡረታ ስላስቀመጡ ብቻ የታክስ ቅናሽ ነበራቸው። በእናንተ ገቢ በዚያ ቀመር ከእያንዳንዳችሁ መዋጮ እስከ 2 ሺህ ዶላር ድረስ 10 በመቶው፣ ለሁለታችሁ እስከ 400 ዶላር ይሆናል፤ የሚከፈል የገቢ ታክስ ካለባችሁ። ያ ጎበዝ ታክስ ሠሪ ይህን ለምን እንዳልነገራችሁ ጠይቁት።

እንግዲህ አክሲዮን። አይአርኤ አካውንት ነው፤ ውስጡ የሚገዛውን የሚመርጡት እርስዎ ነዎት። የጓደኛዎን አልቀናበትም፤ ኢንቪዲያ በ2023 ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኗል። ከዚያ በፊት በ2022 ግን ግማሹን አጥቶ ነበር። ጃኑዋሪ 27 ቀን 2025 ደግሞ በአንድ ቀን 17 በመቶ ወረደ። 30 ሺህ ዶላር አስገብተው ቢሆን ኖሮ ጠዋት ወጥተው ማታ ሲገቡ 5,100 ዶላር ጎድሎ ይጠብቅዎት ነበር። ጓደኛዎ ያኔ ደውሎ ነግሮዎታል? ኩባንያው መጥፎ ነው አላልኩም። በ51 ዓመት የጡረታ ገንዘብ በአንድ ስም ላይ አይጣልም።

እኔ የምለው ኢንዴክስ ፈንድ ነው። አንድ ፈንድ ገዝተው የአምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎች ቁራሽ ይኖርዎታል፤ ኢንቪዲያም ውስጡ አለ። የቫንጋርድ ኢንቨስትመንት ኩባንያ መሥራች ጆን ቦግል በ1976 ለተራው ሰው ሲያቀርበው ብዙዎች ሳቁበት። ወይም ከዚያም የቀለለው፣ የጡረታ ዓመትዎን በስሙ የያዘ ፈንድ አለ። የእርስዎ ለ2040 የሚለው ነው። ዕድሜዎ ሲገፋ አክሲዮኑን ራሱ እየቀነሰ ቦንዱን ይጨምራል። ክፍያው ከ0.2 በመቶ በታች የሆነውን ይምረጡ። 1 በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ 100 ሺህ ዶላር ላይ ግን በዓመት አንድ ሺህ ነው።

ይህም ይወርዳል። በ2008 የአሜሪካ ገበያ በኤስ ኤንድ ፒ 500 (በእነዚያ አምስት መቶ ትልልቅ ኩባንያዎች መለኪያ) ሲለካ 37 በመቶ ወርዷል። በ2007 የነበረበትን ከፍታ ያለፈው በ2013 ነው። ስለዚህ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈልጉትን ገንዘብ እዚያ አያስገቡ። ከዛሬ ጀምሮ በወር 500 ዶላር ቢያስገቡና በዓመት በአማካይ 6 በመቶ ቢያድግ፣ በ67 ዓመትዎ ወደ 160 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ከኪስዎ የወጣው 96 ሺህ ነው። 6 በመቶው ግምት ነው፤ ማንም ዋስ አይሆንዎትም።

ዕቁቡን አይተዉ። ባለቤትዎ ልክ ናት፤ እኛን የሚያስቆጥበን ከባንክ ይልቅ የዳኛው ስልክ ነው። ወለድ የለውም እንጂ። ዕጣው ሲወጣላችሁ ቀጥታ ወደ አይአርኤ ይግባ፤ በሰበሰባችሁበት ቀን።

ወንድምዎ። ፍቅሩ ነው፤ አልጠረጥረውም። አገር ቤት በባንክ አክሲዮን ያተረፉ ብዙ ናቸው። ግን ትርፍ ድርሻው በብር ነው፤ የእርስዎ ኪራይ በዶላር። የውጭ ምንዛሪው በጁላይ 2024 መጨረሻ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። የዚያን ዓመት ትርፍ ድርሻ የት እንዳደረሰው ያስቡት። አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚገበያዩበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጃኑዋሪ 2025 ተከፍቷል፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። ሆኖም ገበያው ገና ልጅ ነው። መግዛቱ ቀላል ነው፤ በፈለጉበት ቀን ሸጦ መውጣቱ ነው ጥያቄው። ለወንድምዎ ካዘኑ እርዳታ ብለው ይላኩለት፤ ጡረታዬ ነው ብለው ግን አይላኩ። እዚያ ባንክ ያለዎት ሒሳብ በድምሩ በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታዎ ነው።

የቤተ ክርስቲያኑን ሰው ሁለት ነገር ይጠይቁት። ከዚህ ውል ኮሚሽንህ ስንት ነው? በሦስተኛው ዓመት ባቋርጠው ስንት ይመለስልኛል? መልሱን በጽሑፍ ያምጣ። የሕይወት ኢንሹራንስ ራሱ አይከፋም። ልጅ ላለው ሰው ለ10 ወይም ለ15 ዓመት የሚቆየው ተራው ዓይነት በቂ ነው፤ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። (እኔ ኢንሹራንስም አክሲዮንም አልሸጥም።)

ምናልባት በልብዎ «ጡረታዬን ይዤ አገሬ እገባለሁ» ይሉ ይሆናል። የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ሶሻል ሴኩሪቲው ኢትዮጵያም ይከተልዎታል። በግሪን ካርድ ከሆነ ግን ከስድስት ወር በላይ ከአገር ሲወጡ ሊቋረጥ ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ሜዲኬር ደግሞ ከአሜሪካ ውጪ አያሳክምም፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር። ለሕክምና የሚሆን ለብቻው ያስቡበት።

አይአርኤውን ሲከፍቱ ወራሽ የሚለውን ሳጥን ባዶ አይተዉት። ባለቤትዎም የድሮው 401ኬ ላይ ማንን እንደጻፈች ትይ። እነዚህ አካውንቶች ብዙ ጊዜ የሚተላለፉት ፎርሙ ላይ ለተጻፈው ሰው ነው፤ ኑዛዜ ላይ ሌላ ስም ቢኖርም።